የሲጋራን ሐራራ በማግኔት ማስታገስ ይቻላል?

በየካ ክፍለ ከተማ በምሠራበት ክሊኒክ አጫሽ ታካሚዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። «ዶክተር፣ ጭንቅላት ላይ ማግኔት አድርገው ሲጋራ የሚያስተዉበት ሕክምና ውጭ አገር አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የሚል ነው። አንዳንዱ በስልኩ ያየውን ቪዲዮ ያሳየኛል፤ ሌላው ውጭ ያለ ዘመዱ የነገረውን ይዞ ይመጣል። አጭሩ መልስ «አዎን፣ አለ» ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በነሐሴ 2020 ይህን ሕክምና ለአዋቂ አጫሾች እንዲውል ፈቅዷል። ሆኖም በወሬ የሚነገረውና በጥናት የታየው ውጤት ይለያያሉ። ልዩነቱን ሳያውቁ ገንዘብ ለማውጣት የሚዘጋጁ ሰዎች ስላጋጠሙኝ በዛሬው ጽሑፍ ጉዳዩን በዝርዝር ማየት ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ማግኔት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንለይ። በየመንገዱ «ደም ያዘዋውራል፣ ሕመም ያስታግሳል» እየተባለ የሚሸጠው ማግኔት ያለበት አምባርና ቀለበት ከዚህ ሕክምና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት በአንጎል ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት አይፈጥርም። ፍሰት የሚፈጥረው በፍጥነት የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ብቻ ነው። በሕክምናው መሣሪያ ውስጥ የሽቦ ጥቅልል አለ፤ በሽቦው ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ከሰከንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ይለቀቅና ይቋረጣል። ይህ የሚፈጥረው የማግኔት ምት የራስ ቅልን ያለ ቀዶ ጥገና አልፎ ይገባና በሥሩ ያሉትን የአንጎል ሕዋሳት ያነቃቃል። በእንግሊዝ የሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1985 በዚህ መንገድ የሰውን አንጎል ከውጭ ሆነው በማነቃቃት የእጅ ጡንቻ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ችለዋል። እ.ኤ.አ በ2008 በመድኃኒት ላልተሻለው የድባቴ ሕመም በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2018 ደግሞ ከፍላጎት ውጭ ተደጋግሞ ለሚመጣ ሐሳብና ድርጊት ሕመም ዋለ። ሲጋራ ከእነዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ብዙዎች ይህንን ሕክምና በተለምዶ «የኤሌክትሪክ ሾክ» ከሚባለው የአእምሮ ሕክምና ጋር ያምታቱታል። አንድ አይደሉም። በማግኔቱ ሕክምና ታካሚው አይደነዝዝም፣ አይተኛም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሄልሜት የሚመስል ነገር ያጠልቃል፤ ሲያበቃ ተነሥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

ሲጋራን ለማስተው አንጎልን ለምን መንካት አስፈለገ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ፍንጭ የሰጡት ስትሮክ ያጋጠማቸው አጫሾች ናቸው። እ.ኤ.አ በ2007 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን 69 አጫሾች ተመልክቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ የተጎዱት ኢንሱላ በተባለው፣ ከጎን በኩል ገባ ብሎ በሚገኘው የአንጎል ክፍል ላይ ነው። ከ19ኙ 12ቱ ሲጋራን በቀላሉ፣ ወዲያውኑና ሐራራው ሳያስቸግራቸው የተዉ ሆነው ተገኙ። በቀን 40 ያህል ሲጋራ ያጨስ የነበረ አንድ ሰው ከስትሮኩ በኋላ የማጨስ ፍላጎቱ ራሱ ጠፍቶበታል። ኢንሱላ የሰውነታችንን ውስጣዊ ስሜት፣ ማለትም ረኃቡን፣ ጥሙን፣ የልብ ምቱን የሚያደምጥ ክፍል ነው። አጫሹ «ደረቴን ከበደኝ፣ አፌ ደረቀ፣ እጄ ቦታ አጣ» የሚለው ሐራራ የሚሰማው በዚህ በኩል ነው ማለት ነው። ማንም ሰው ሲጋራ ለመተው ስትሮክ እንዲይዘው አይመኝም። ተመራማሪዎቹ ግን ይህን ክፍል ሳይጎዱ ሥራውን ለማስተካከል ይቻል እንደሆን መፈተሽ ጀመሩ።

ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ጥናት በ14 ማዕከላት 262 አጫሾችን ያሳተፈ ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2021 ታትሟል። ተሳታፊዎቹ በአማካይ ከ26 ዓመት በላይ ያጨሱና ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማቆም ሞክረው ያልቻሉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሞክረዋል። ግማሾቹ እውነተኛውን ሕክምና ሲያገኙ ግማሾቹ ድምፁና ንዝረቱ ተመሳሳይ በሆነ የማስመሰያ መሣሪያ ሥር ተቀመጡ። ሕክምናው ለሦስት ሳምንታት በሳምንት አምስት ቀን፣ ከዚያም ለሦስት ሳምንታት በሳምንት አንድ ቀን የተሰጠ ሲሆን በአጠቃላይ 18 ጊዜ ነው። ምቱ የሚሰጠው በእያንዳንዱ ቀን ለ18 ደቂቃ ያህል ነው።

በዚህ ጥናት እኔን ይበልጥ የሳበኝ ከማግኔቱ በፊት የሚደረገው ነገር ነው። ታካሚው መሣሪያው ከመጀመሩ በፊት ሆን ተብሎ ሐራራው እንዲነሣበት ይደረጋል። ሲጋራ በጣም የሚያሰኘውን ሰዓትና ቦታ በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ ይጠየቃል፤ ስለ ማጨስ የተቀረጸ ድምፅ ይሰማል፤ የሲጋራ ፎቶ ይታየዋል። አምሮቱ ሲጋል ነው ምቱ የሚጀምረው። አስተሳሰቡ የሱስ ሰንሰለት በሚነቃነቅበት ቅጽበት ቢነካ ይበልጥ ይላላል የሚል ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ማግኔት በሌለበት ቤትም የሚሠራ ነገር ስላለበት ኋላ እንመለስበታለን።

ውጤቱስ? እስከ 18ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አራት ተከታታይ ሳምንት ሳያጨሱ መቆየት የቻሉት እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት 19.4 በመቶ፣ የማስመሰያውን ካገኙት ደግሞ 8.7 በመቶ ናቸው። ሕክምናውን ሳያቋርጡ የጨረሱትን ብቻ ብንወስድ 28 በመቶና 11.7 በመቶ ይሆናል። ከሁለት እጥፍ በላይ ልዩነት ስላለ ሕክምናው ይሠራል ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ግን ከታከሙት አምስት ሰዎች አራቱ ሲጋራውን አላቆሙም። ጥናቱን የደገፈው መሣሪያውን የሚያመርተው ኩባንያ መሆኑንም አንባቢ ሊያውቅ ይገባል፤ ይህ ውጤቱን ውሸት አያደርገውም፣ ሌሎች ገለልተኛ ቡድኖች በብዙ ሰው ላይ ደግመው እስኪያሳዩት ድረስ ግን እኔ ለታካሚዎቼ «ተስፋ ሰጪ» እንጂ «አስተማማኝ» አልላቸውም። አራት ሳምንት ያለ ሲጋራ ማሳለፍም ዕድሜ ልክ መተው ማለት አይደለም። በስድስተኛው ወር በሠርግ ቤት ወይም በለቅሶ ቤት አንድ ተቀብሎ የሚመለሰው ብዙ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው ቀላል ነው። ራስ ምታትና ምቱ ባረፈበት ቦታ የሚሰማ ሕመም የተለመዱ ናቸው። መሣሪያው ስለሚንቋቋ ጆሮ ይደፈናል። አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ከባድ ችግር ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ጥቃት ነው፤ ስለዚህ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ከዚህ በፊት ያጋጠመው ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገር አለበት። በራሱ ውስጥ ብረት የተተከለለት፣ በጆሮው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ የተቀበረለት፣ የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ደግሞ ከመሣሪያው አጠገብ ከመቀመጡ በፊት በሚገባ መመርመር ይኖርበታል፤ ብዙዎቹ አይፈቀድላቸውም።

ወደ እኛው ሰፈር ልመለስ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ መስመር የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ የታክሲ ሾፌር ታካሚ አሉኝ። ሠላሳ ዓመት አጭሰዋል። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው «አባዬ፣ ሕክምናውን እከፍልልሃለሁ፤ ና» ብላቸው ምክር ሊጠይቁኝ መጡ። «ጋሼ፣ ሲጋራውን መቼ መቼ ነው የሚለኩሱት?» አልኳቸው። «ኧረ ሁልጊዜ ነው ልጄ» አሉኝ። በጣት ስንቆጥር ግን ሁልጊዜ አልነበረም። ጠዋት እንደነቁ አንድ፣ ከቡና በኋላ አንድ፣ ተራ ሲጠብቁ ሁለት ሦስት፣ መንገድ ሲዘጋጋ አንድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጫት ላይ ደግሞ ፓኮው ያልቃል። ሌሊት ተኝተው ስምንት ሰዓት ያህል አንድም አያጨሱም። ከልጅ ልጃቸው ጋር በሚውሉበት እሑድ ሁለት ብቻ ትበቃቸዋለች።

ይህ ቆጠራ ኒኮቲን የሚሠራውን ነገር በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው የሰውነት ሱስ ነው። አንድ ጊዜ የተሳበ ጭስ በ10 እና በ20 ሰከንድ መካከል ኒኮቲኑን አንጎል ያደርሳል፤ ሲቋረጥ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መበታተን ይመጣል። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ሁለተኛው ቀስቃሹ ነው፦ ቡናው፣ ተራው፣ ጫቱ፣ ጓደኛው፣ ላይተሩ የሚቀመጥበት ኪስ። ይህኛው ከወራት በኋላም ይነሣል።

በረመዳን የሚጾሙ አጫሾች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከንጋት እስከ ምሽት ሳያጨሱ ይውላሉ፤ ብዙዎቹም ቀኑ እንደፈሩት እንዳልከበዳቸው ይነግሩኛል፤ ከፍጥር በኋላ ግን ወዲያው ይለኩሳሉ። በእንጦጦ ወደሚገኙ ጸበሎች ሄደው ሱባኤ የገቡ ታካሚዎቼም ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል። እዚያ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥ ሱቅ የለም፣ የጫት ጓደኛ የለም፣ ቀኑ በሌላ ሥርዓት ተይዟል። ሃይማኖታዊውን ጉዳይ ለባለቤቱ ልተወውና፣ ከሕክምና አንጻር ግን ቀስቃሾቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወግደዋል ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከተራራው ወርደው መገናኛ ሲደርሱ ነው፤ ሱቅ በደረቴው እዚያው እንደቆመ ነው። (በዚህ አጋጣሚ፣ ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱን ማቋረጥ እንደሌለበት ደግሜ አሳስባለሁ።)

እንጦጦን ካነሣን አይቀር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት ለአጫሽ ነፃ የምርመራ ክፍል ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3 ሺህ 200 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ በየትንፋሻችን የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ያነሰ ነው። አጫሹ ደግሞ በዚህ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። ይህ ጋዝ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው፤ ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር ተጣብቆ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ጎህ ሳይቀድ ልምምድ ከሚሠሩት ሯጮች ኋላ የሚያለከልከው የአርባ ዓመት ሰው ሁልጊዜ ያረጀ ሰው አይደለም፤ ደሙ ግማሽ መንገድ ላይ ተዘርፎ ነው። መልካሙ ዜና ጋዙ ሲጋራ ባቆሙ በአንድ ቀን ገደማ ከደም መውጣቱ ነው። ሐራራው ሲመጣ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሩብ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ አምሮቱን ለጊዜው እንደሚያበርደው በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። መራመድ ብቻውን ለዘለቄታው ሲጋራ ያስቆማል የሚለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ዳገቱን ሳይሆን ሜዳውን ይምረጥ።

ለሾፌሩ ያልኳቸው እንግዲህ ይህ ነው፦ «የልጅዎን ገንዘብ ለጊዜው ያቆዩት። ማግኔቱ ከአምስት ሰው አንዱን ረዳ፤ ለስድስት ሳምንት ከሥራም ከቤተሰብም ያርቅዎታል። ከዚያ በፊት ያልሞከርናቸው፣ በብዙ ሺህ ሰው ላይ የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉ።» ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሲያጨሱ ለማቆም የሞከሩት ሁሉ በራሳቸው ኃይል ብቻ ነበር። ያለ ምንም እርዳታ ከሚያቆሙት ውስጥ ከግማሽ ዓመት በኋላ ሳያጨሱ የሚገኙት ከመቶ ሦስት እስከ አምስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ በራሱ ሞክሮ ያልቻለ ሰው ሐሞተ ቢስ አይደለም፤ የብዙኃኑ ዕጣ ነው የደረሰው።

መድኃኒቶቹ የትኞቹ ናቸው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 ባወጣው የመጀመሪያው የአዋቂዎች ትምባሆ ማስተው የሕክምና መመሪያ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን፣ ሳይቲሲንና የኒኮቲን መተኪያን ይመክራል። የኒኮቲን መተኪያ የሚባለው በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም እንደ ማስቲካ የሚታኘከው ሲሆን ኒኮቲኑን ያለ ጭሱ በመጠኑ እየሰጠ ሰውነትን ያለማምዳል። ይህ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን በ2021 ተጨምረዋል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም፤ ሁሉንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጀመር አይገባም። ከእነዚህ አንዱን ከምክር አገልግሎት ጋር ማጣመር በራስ ከመሞከር የተሻለ ነው፤ ማግኔቱም ቢሆን ቦታው ከእነዚህ በኋላ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ማዘዙ ቀላል ነው፤ ማግኘቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለታካሚዎቼ የጻፍኩት ማዘዣ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ተንከራትቶ ባዶ እጁን የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲጋራ ግን በየሱቁ ደጃፍ በፍሬ ይገኛል።

በሕግ በኩል አገራችን የሠራችው ሥራ የሚናቅ አይደለም። በ2006 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮትም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን አግዷል፤ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ዘግቷል፤ በፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲኖር አዟል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ በፋብሪካ ዋጋው ላይ 30 በመቶ፣ በዚያም ላይ በየፓኮው 8 ብር ጥሏል። እነዚህ ሁሉ አዲስ አጫሽ እንዳይፈጠርና የማያጨሰው ሰው በሌላው ጭስ እንዳይጎዳ ይረዳሉ።

ቀድሞ ያጨስ የነበረውስ? ያጸደቅነው ስምምነት አንቀጽ 14 አገራት ትምባሆ ለማቆም የሚፈልጉ ዜጎች ሕክምና የሚያገኙበትን መንገድ እንዲዘረጉ ያዛል። በእኔ እይታ ከሕጉ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረው ይህ ክፍል ነው። ከልካይ አለን፤ ደጋፊ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ፣ በቁጥር 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው። ከብዙ አገሮች አንጻር ይህ ትንሽ ነው። ትንሽነቱ ለመዘናጋት ምክንያት ሲሆን አያለሁ። እኔ ግን በተቃራኒው አየዋለሁ፤ ይህን ያህል ሰው መርዳት ከአቅም በላይ አይደለም።

ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መነሻም አለ። መመሪያው የጤና ባለሙያዎች ወደ ጤና ተቋም የመጣን ማንኛውንም የትምባሆ ተጠቃሚ፣ የመጣው ለጥርሱም ይሁን ለወገቡ፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ምክር እንዲሰጡት ይላል። ይህን ጤና ጣቢያም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሊሠራው ይችላል። ጠንከር ያለ ሱስ ያለበትን፣ ከጫትና ከአልኮል ጋር የተሳሰረበትን ሰው ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል፤ በየካ በኩል ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በሌላው የከተማው ክፍል አማኑኤል አሉ። የማግኔት ሕክምናን ወደ አገር የማስገባቱ ውይይት ሲመጣ በእነዚህ ተቋማት በኩል፣ በቅድሚያ ለድባቴ ሕሙማን፣ ቢታሰብ ይሻላል። ለአጫሹ ግን ከአንድ መሣሪያ ይልቅ በመቶ ጤና ጣቢያዎች የሚቀመጥ የኒኮቲን ማስቲካ ይቀድማል።

ሲጋራ ለማቆም እያሰቡ ወደ ሐኪም የሚሄዱ ከሆነ እስከዚያው ሁለት ነገር ያድርጉ። ለሦስት ቀን ያህል የሚያጨሱትን እያንዳንዱን ሲጋራ በስልክዎ ወይም በፓኮው ጀርባ ይመዝግቡ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮዎት የነበረውን ሰው። ቀደም ሲል እንዳየነው በማግኔቱ ሕክምና ታካሚው ሲጋራ በጣም የሚያሰኘውን ሰዓትና ቦታ በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ ይጠየቃል፤ ወረቀቱም ያንኑ ሰዓትና ቦታ ያሳይዎታል። ሁለተኛ፣ ጠዋት ከነቁ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ እንደሚለኩሱ ልብ ይበሉ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሰውነትዎ በኒኮቲን ጠንክሮ ተይዟል፤ መድኃኒት ሊያስፈልግዎት ይችላል። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆዩ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራው ያለው ቀስቃሾቹ ላይ ነው። ይህን ይዘው ቢመጡ ሐኪምዎ ከየት እንደሚጀምር በመጀመሪያው ቀን ያውቃል።